ስም የተሸፈነባቸው 60 ወረቀቶች

መምህር የሆነ ሁሉ ያውቀዋል፣ ስም እያዩ ማረም ይከብዳል። ጎበዙ ሲሳሳት "ቸኩሎ ነው" ይባልለታል፣ ሰነፉ ልክ ሲሆን ደግሞ "ከማን ቀዳ?" ያሰኛል። ይህንኑ ነገር በሳይንስ ውስጥ ያሳየች አንዲት አሜሪካዊት አለች። ርዕሱ ከበድ ይላልና፣ ወዳጆቼ፣ ኮመንት ከመጻፋችሁ በፊት ጨርሱልኝ። (ዓመቶቹ በፈረንጅ ናቸው።)

ኤቭሊን ሁከር ትባላለች፣ ሎስ አንጀለስ ውስጥ የሥነ ልቦና መምህር ነበረች። አጥኚን ብሎ የወተወታት ሳም ፍሮም የሚባል የቀድሞ ተማሪዋ ነው፤ የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ነበር። ያኔ ነገሩ በአሜሪካ የሳይካትሪ ሐኪሞች መዝገብ ውስጥ የአእምሮ ሕመም ነው፣ በሁሉም ግዛቶች ደግሞ ድርጊቱ በሕግ ያስቀጣል። ሕመም ነው ያሰኘውስ ማስረጃ? በአብዛኛው ከታካሚና ከእስረኛ የተሰበሰበ። እስቲ አስቡት፣ ባለትዳሮችን ከወህኒ ቤት ብቻ መርጠን ብናጠና ስለ ትዳር ምን እንል ነበር?

ሁከር 30 የተመሳሳይ ፆታ አፍቃሪ ወንዶችንና 30 ሌሎች ወንዶችን በዕድሜ፣ በትምህርትና በአእምሮ ችሎታ ፈተና ውጤት አጣመረች። ሕክምና ላይ ያለ ሰው አላስገባችም። ስማቸው ቢወጣ ሥራቸውን ሊያጡ፣ ሊታሰሩም ስለሚችሉ የምታነጋግራቸው ቤቷ ነበር። የቀለም ጠብታ እያሳዩ "ምን ይታይሃል?" የሚባልበትን ፈተና ጨምሮ የዘመኑን የሥነ ልቦና ፈተናዎች ሰጠቻቸው። ከዚያ መልሱን ማን የማን እንደሆነ ሳትናገር ለሦስት አንጋፋ ባለሙያዎች ሰጠች፤ አንዱ በቀለም ጠብታው ፈተና ስመ ጥር የነበረው ብሩኖ ክሎፕፈር ነው።

ባለሙያዎቹ መለየት አልቻሉም። ወረቀቶቹን ጥንድ ጥንድ አድርጋ "ከሁለቱ የትኛው ነው?" ስትላቸው እንኳ ሳንቲም ወርውሮ ከመገመት አልተሻሉም። ከሁለቱም ቡድን ሁለት ሦስተኛው ገደማ ደህና ወይም ከዚያ በላይ ተብሎ ተመዘነ። ውጤቱ የታተመው በ1957 ነው።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ነው። የተፈተኑት 60ዎቹ ብቻ አልነበሩም፣ የመርማሪዎቹ አመለካከትም አብሮ ተለካ። ስሙ ሲነሳ በሽታውም አብሮ ጠፋ! እርግጥ 60 ሰው ትንሽ ነው፣ የቀለም ጠብታው ፈተና ራሱም ዛሬ ብዙ ይተቻል። ቢሆንም የተባለው "ሁሉም ሕመምተኛ ነው" ስለነበር፣ ያንን ለማፍረስ ጥቂት ጤነኛ ሰው ማሳየት ይበቃል። የሳይካትሪ ማኅበሩ ነገሩን ከሕመም ዝርዝር ያወጣው ግን በ1973 ነው። 16 ዓመት!

መጠይቅ ላይም ያው ችግር አለ። ስለ ወሲብ ያለውን አመለካከት ለመለካት አንድን ወንድ "ከሴት ጋር መሆንን ስታስብ ደስ ይልሃል?" ብትሉት፣ ወደ ወንድ የሚሳበው "አይ" ይላል፤ ወረቀቱ ላይም ወሲብን የሚፈራ ሰው ሆኖ ይመዘገባል። ጥያቄው "ከምትፈልገው ሰው ጋር" ቢል ኖሮ ያው ሰውዬ ሌላ ነጥብ ያገኝ ነበር።