የአስታማሚው ጭንቀት በወረርሽኝ ታሪክ ውስጥ

የወረርሽኝ ታሪክ ሲጻፍ አስቀድሞ የሚቆጠረው የሞተው ነው። ቀጥሎ የመኳንንቱ መታመም፣ የገበያው መፈታትና የቀባሪው መጥፋት ይነገራል። በሕመምተኛው ራስጌ ቆሞ ያደረው ሰው ግን በአብዛኛው ከመዝገብ ውጭ ይቀራል። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ የተዘነጋ ሰው ማሰብ ነው።

ጉዳዩ ጥንታዊ ነው። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ430 ዓመት አቴና በወረርሽኝ ስትመታ፣ ራሱም ታሞ የዳነው የታሪክ ጸሐፊ ቱሲዲደስ፣ ሐኪሞች የበሽታውን ጠባይ ባለማወቃቸው ሊረዱ እንዳልቻሉ፣ ወደ ሕሙማን አዘውትረው በመቅረባቸውም ከሌላው ይበልጥ እንዳለቁ መዝግቧል። በዚህች አጭር ምስክርነት ውስጥ ሁለት የጭንቀት ምንጮች፣ ፍርሃትና አቅም ማጣት፣ ጎን ለጎን ይታያሉ።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ በ1911 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1918) ዓለምን ያዳረሰው የኅዳር በሽታ አዲስ አበባ ሲገባ የከተማዋ ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹም የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ። በከተማዋ ብቻ ወደ 10,000 የሚጠጋ ሰው እንዳለቀ ይገመታል። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪም ታመው ድነዋል። ለበሽታው ፍቱን መድኃኒት ስላልነበረ የማስታመሙ ሸክም የወደቀው በቤተሰብና በጎረቤት ላይ ነበር። ውሃ የምታቀምሰው እናትና አስከሬን የሚያወጣው ጎረቤት፣ ያለ ደመወዝና ያለ ማዕረግ፣ የዘመኑ የጤና ሠራተኞች ሆኑ። ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ እየተቃጠለ «ኅዳር ሲታጠን» እየተባለ የሚታሰበው ያ ዘመን ነው። ጭሱ የበሽታውን ስም ለትውልድ አቆይቷል፤ የአስታማሚዎቹን ስም ግን አላቆየም።

የዚህን ጭንቀት መጠንና ምክንያት በጥናት ለመመርመር ከተደረጉት ጥረቶች አንዱ ከሳርስ ወረርሽኝ በኋላ የተካሄደው ነው። እ.ኤ.አ. በ2003 በዓለም ላይ በሳርስ ከተያዙት 8,096 ሰዎች ከአምስቱ አንዱ ያህል የጤና ሠራተኛ ነበር። በካናዳ፣ በቶሮንቶ ከተማ የተካሄደው ጥናት እንዳመለከተው፣ ሕሙማኑን ያከሙ ሠራተኞች ወረርሽኙ ካለፈ ከአንድ ዓመት በኋላ እንኳ የመንፈስ መዛልና ጭንቀት አልለቀቃቸውም ነበር። በቂ ሥልጠናና ድጋፍ አግኝተናል ያሉት ግን ጉዳታቸው አነስተኛ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚህ የምንረዳው፣ ጭንቀቱ የግለሰብ የልብ ድክመት ሳይሆን የሥራው ሁኔታ የሚወልደው መሆኑን ነው።

በምዕራብ አፍሪካም ይኸው ታይቷል። እ.ኤ.አ. በሐምሌ 2014 በሴራሊዮን የኬኔማ ሆስፒታል ሕሙማንን ይመሩና ያክሙ የነበሩት ዶክተር ሼክ ዑመር ካን በኤቦላ ሞቱ። ነርሶችም አብረዋቸው ወደቁ። በሕይወት የተረፉት ከፍርሃታቸው በላይ የጎረቤት መሸሽና የአከራይ ማስወጣት አደቀቃቸው። በዚያው ዓመት መጨረሻ በአፍሪካ ኅብረት ጥላ ሥር 187 የኢትዮጵያ የጤና ባለሙያዎች ኤቦላ ወደ ጠናባቸው አገሮች ዘመቱ። አደጋውን ማወቃቸው ከጉዟቸው አላስቀራቸውም።

ኮቪድ-19 መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. በአገራችን መገኘቱ ሲገለጽ፣ አዲስ አበባ የሚገኘው የኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ለሕሙማኑ ተለየ። የጤና ሠራተኛው ዋና ሥጋት ራሱ መሞቱ ብቻ አልነበረም፤ በሽታውን ወደ ልጆቹና ወደ ወላጆቹ ይዞ መግባቱም ነበር። ልጁን በመስኮት አሻግሮ የሚያይ አባት፣ እናቱን በስልክ ብቻ የሚጠይቅ ነርስ፣ ይህን ሥጋት የሚያውቁት በራሳቸው ኑሮ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከጥር 2020 እስከ ግንቦት 2021 እ.ኤ.አ. ድረስ በመላው ዓለም ወደ 115,500 የሚጠጉ የጤና ሠራተኞች በኮቪድ ሳይሞቱ እንዳልቀሩ ገምቷል።

እንግዲህ ከአቴና እስከ ኮተቤ የምናየው አንድ እውነት ነው። አስታማሚውን የሚሰብረው የሕመምተኛው ብዛት ብቻ አይደለም፤ ባዶ እጅ መቅረቱ፣ ብቻውን መተዉና አገልግሎቱ መረሳቱም ነው። እጁን በጓንትና በመድኃኒት መሙላት የመንግሥትና የጤና ተቋማት ግዴታ ነው። ጎረቤት እንዳይሸሸው ማስተማር የመምህሩ ድርሻ ነው። እንዳይረሳ ማድረግ ግን የኪነ ጥበብ ሰው ዕዳ ነው። የጦር ሜዳ ጀግናን የሚያወድስ ፉከራና ቀረርቶ ሞልቶናል፤ በሕመምተኛ ራስጌ ላደረው ሰው የሚሆን ዜማ ግን ገና ብዙ ይቀረናል።