ከነሐስ ወደ ፋይበር ግላስ፦ የአደባባይ ሐውልቶቻችን ዕድሜ በምን ይለካል?



ዛሬ የምናገረው በየከተማው አደባባይ ስለምናየውና ስሙን እምብዛም ስለማናነሣው ቁስ ነው። ከሩቅ ሲያዩት ነሐስ ይመስላል፤ ቀርበው በጣት ሲያንኳኩት እንደ ባዶ እንስራ ያስተጋባል። ይህ ቁስ ፋይበር ግላስ ነው። ጥያቄዬም አንድ ነው፦ አንድ ሕዝብ ታሪኩን በዚህ ቁስ ቀርጾ ሲያቆም ሥራው ለስንት ትውልድ ይደርሳል?

መልሴን አስቀድሜ ልናገር። የሐውልት ዕድሜ በአብዛኛው የሚወሰነው ከምረቃው ቀን በኋላ ነው። ቁሱም፣ የባለሙያው እጅም፣ የባለቤቱ ጥንቃቄም እኩል ይፈተናሉ። ይህን ለማስረዳት ከነሐሱ ዘመን እጀምራለሁ።

የዳግማዊ ምኒልክ ሐውልት በአዲስ አበባ የቆመው በጥቅምት 1923 ዓ.ም.፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የዘውድ በዓል ሰሞን ነው። በፈረንሳዊው ቀራፂ ዦርዥ ጋርዴ የተሠራው፣ በወርቅ የተለበጠው የይሁዳ አንበሳም የዚያው ዘመን ሥራ ነው። ፋሺስት ኢጣሊያ አገሪቱን በያዘች ጊዜ የምኒልክን ሐውልት አንሥታ ቀበረችው፤ አንበሳውን ወደ ሮም ወሰደችው። ከነጻነት በኋላ የምኒልክ ሐውልት ከጉድጓድ ወጥቶ ወደ ቦታው ተመለሰ፤ አንበሳውም ከብዙ ዓመታት በኋላ አገሩ ገባ። ነሐስ ተቀብሮ ይወጣል፤ ባሕር ተሻግሮ ይመለሳል። ይሁን እንጂ ጠላቱም ብዙ ነው፤ ቀልጦ ለሌላ ሥራ ስለሚውል ወራሪም ሌባም ይመኘዋል።

ነሐስ ሌላም ጠባይ አለው፤ ዐቅም ይጠይቃል። የየካቲት 12 ሐውልት የዩጎዝላቪያ ቀራፂያን ሥራ ነው። መስከረም 1977 ዓ.ም. የተመረቀው የትግላችን ሐውልትም በሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች እገዛ የተሠራ ነው። አለ ፈለገ ሰላም በ1950 ዓ.ም. ያቋቋሙት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የአገር ልጆችን ቀራፂ አድርጎ አወጣ። ነገር ግን ግዙፍ ምስል በነሐስ ማፍሰስ የሚጠይቀው ምድጃና ወጪ ከአንድ የወረዳ ከተማ ዐቅም በላይ ነው።

የጉዳዩ ክብደት እዚህ ላይ ነው። ለረጅም ጊዜ አደባባይ የነበረው ለማዕከሉ ነው። የወላይታው ካዎ ጦና በ1887 ዓ.ም. ከምኒልክ ሠራዊት ጋር ተዋግተው ድል ሆነዋል። ድል አድራጊው በዋና ከተማው ሐውልት ካገኙ ከብዙ ዓሥርት ዓመታት በኋላ ነው ድል የሆኑት ንጉሥ በሶዶ የሚዘከሩበት ሐውልት የቆመላቸው። የብዙ ሕዝቦች ታሪክ እንዲህ ዘግይቶ ወደ አደባባይ ሲወጣ፣ በሩን ከከፈቱለት ነገሮች አንዱ በአነስተኛ ወጪ በአገር ውስጥ ሊሠራ የሚችል ቁስ መገኘቱ ነው። ሲሚንቶና ፋይበር ግላስ በዚህ ረገድ ባለውለታዎቻችን ናቸው። ዘግይቶ አደባባይ የወጣ ታሪክ ግን ቀድሞ ሊፈርስ አይገባም።

ፋይበር ግላስ ከየት መጣ? በ1932 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በኦወንስ ኢሊኖይ ኩባንያ ዴል ክላይስት የተባለ ወጣት ተመራማሪ የመስታወት ጡቦችን ለማጣበቅ ሲሞክር፣ የታመቀ አየር የቀለጠውን መስታወት መትቶ ወደ ቀጫጭን ክሮች በተነው። ከዚያ አጋጣሚ ኢንዱስትሪ ተወለደ። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ክሩ ከፖሊስተር ሬዚን ጋር ተዋህዶ የአውሮፕላን ራዳር መሸፈኛ ሆነ፤ ብረት የሚያግደውን የራዳር ሞገድ ያሳልፋልና።

ስሙ ባዕድ ይሁን እንጂ ጥበቡ ለእኛ እንግዳ አይደለም። የቤት ግድግዳ ስንመርግ ጭቃው ውስጥ ጭድ የምንጨምረው ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጣጠቅ ነው። እንሰት የሚፍቁ የወላይታ እናቶችም ቃጫ ሲጎትቱት እንጂ ሲገፉት እንደማይጠነክር ከማንኛውም መሐንዲስ ቀድመው ያውቃሉ። በፋይበር ግላስ ውስጥ የመስታወቱ ክር እንደ ጭዱ ነው፤ ሬዚኑ እንደ ጭቃው።

አሠራሩን ባጭሩ ልግለጽ። ቀራፂው ምስሉን መጀመሪያ በሸክላ ጭቃ ይቀርጻል። በላዩ ላይ የጀሶ ወይም የሲሊኮን ሞልድ ይወጣል። ሞልዱ ውስጥ በቅድሚያ ጄልኮት የሚባለው የውጭ ቆዳ ይቀባል፤ ቀጥሎ የመስታወት ክር ምንጣፍ እየተነጠፈ ሬዚን ይጠጣል። ሬዚኑ የሚጠነክረው ከ1 እስከ 2 ከመቶ ገደማ በሚጨመር ማጠንከሪያ ነው፤ ሲበዛ ይግላል፣ ይሰነጠቃል፤ ሲያንስ ሳይበስል ይቀራል። በየድርቡ የገባው አየር በሮለር ካልወጣ ውኃ መግቢያ ቀዳዳ ይሆናል። በመጨረሻም ክፍሎቹ ተገጣጥመው በብረት አጽም ላይ ይቆማሉ።

ድካሙ የሚጀምረው ከዚህ በኋላ ነው። የፀሐይ አልትራቫዮሌት ጨረር ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር 10 ከመቶ ያህል ይበረታል፤ ስለዚህ በደጋ ከተሞቻችን የሬዚኑ ገጽ ቶሎ ይነጣል፣ ይፈረፈራል፣ ክሩም ይገለጣል። እንደ ቤሌ ወደ ኦሞ ሸለቆ ባዘቀዘቀ ቆላማ ቦታ ደግሞ ሙቀቱ ይከብዳል። ብረቱና ፋይበር ግላሱ በሙቀት የሚለጠጡበት መጠን እኩል ስላልሆነ መጋጠሚያው ይሰነጠቃል፤ ዝናብ ይገባል፤ መውጫ ቀዳዳ ከሌለው አጽሙ ከውስጥ ይዝጋል። ሐውልቱ በውጭ ቀለም ተቀብቶ፣ በውስጡ እየሞተ ሊቆም ይችላል።

ሆኖም ቁሱ ደካማ ነው ማለት አይደለም። በ1957 እ.ኤ.አ. በዲዝኒላንድ የተከፈተውን የሞንሳንቶ የፕላስቲክ ቤት ከ10 ዓመት በኋላ ለማፍረስ ሲሞከር፣ የማፍረሻው ብረት ኳስ እየነጠረ ተመለሰ። በመጨረሻ በመጋዝ ተቆራርጦ ሁለት ሳምንት ያህል ፈጀ። ይህ ታሪክ ሁለት ነገር ያስተምራል፦ በአግባቡ የተሠራ ፋይበር ግላስ ጽኑ ነው፤ ደግሞም ከጠነከረ በኋላ እንደ ነሐስ ቀልጦ ዳግም አይፈስስም። በመሆኑም ማንም ለማቅለጥ ብሎ አይሰርቀውም፤ ከተሰበረም ጠግኖ ከመያዝ ሌላ አማራጭ የለውም።

የሠሪውን ሰው ነገር ሳላነሣ አላልፍም። ሬዚኑን የሚያቀጥነው ስታይሪን በ2018 እ.ኤ.አ. በዓለም አቀፉ የካንሰር ምርምር ድርጅት «በሰው ላይ ካንሰር ሊያስከትል ይችላል» ከሚባሉት በጠንካራው ምድብ ተመዝግቧል። ፈረንሳዊት አሜሪካዊቷ አርቲስት ኒኪ ደ ሳን ፋል ከፖሊስተር ጭስና ብናኝ ጋር የተያያዘ የሳንባ ሕመም አሠቃይቷታል። በዴንቨር አውሮፕላን ማረፊያ የሚታየውን፣ ወደ 10 ሜትር የሚጠጋውን ሰማያዊ የፋይበር ግላስ ፈረስ የሠራው ሉዊስ ሂሜኔዝ በ2006 እ.ኤ.አ. የሥራው አካል ወድቆበት ሞቷል። አየር በሌለው ክፍል ያለ ጭንብል የሚሠሩ ወጣቶች እያሉ ስለ ጥበብ ብቻ ማውራት ግማሽ ታሪክ ነው።

ታዲያ ምን እናድርግ? የአፈወርቅ ተክሌን የአፍሪካ አዳራሽ መስኮቶች አስታውሱ። ያ 150 ካሬ ሜትር ባለቀለም መስታወት ከ60 ዓመት በላይ ቆይቶ፣ አዳራሹ በ2017 ዓ.ም. ታድሶ ሲከፈት እንደገና ደምቋል። መስታወት በባሕርዩ ተሰባሪ ነው፤ ያቆየው ጠባቂ ማግኘቱ ነው። የሣር ክዳን ቤትም ሣሩ በጊዜው ስለሚለወጥ ትውልድ ይሻገራል።

ስለዚህ ሐውልት ለማቆም ለሚያስብ ከተማ የምመክረው ይህን ነው። የጥገና በጀት ከምረቃው በጀት ጋር አብሮ ይጽደቅ። የጄልኮቱ ዓይነት፣ የሬዚኑ ምርት፣ የአጽሙ ንድፍና የቀራፂው ስም በማኅደር ይቀመጥ፤ ሞልዱ አይጣል። በየዓመቱ ከክረምት በኋላ ስንጥቁና የውኃ መውጫው ይፈተሽ። የሠራተኛው ጭንብልና የአየር ማስወጫው በውሉ ውስጥ ይግባ። ተማሪዎቼን ደግሞ የምለምናችሁ፣ ሐውልት ስታጠኑ ማን እንደሆነና መቼ እንደተመረቀ ብቻ ጽፋችሁ እንዳታቆሙ ነው፤ ከምን እንደተሠራ፣ ማን እንደሠራውና ማን እንደሚጠብቀውም መዝግቡ። ያም የታሪኩ አካል ነው።