ዋልካ እያለን «ጥቁር አፈር»

«ቨርቲሶል» የሚለው ቃል በእርሻ ጽሑፎቻችን ሲመጣ ብዙ ጊዜ «ጥቁር አፈር» ተብሎ ይተረጎማል። ይህ ትርጉም ያሳስታል ባይ ነኝ። የቃሉ ሥር «መገልበጥ» የሚል የላቲን ግስ ነው፤ ስያሜው የመጣው ከአፈሩ ጠባይ እንጂ ከመልኩ አይደለም። ቢያንስ 30 በመቶ ሸክላ ያለው ይህ አፈር ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ተኮማትሮ ይሰነጠቃል፤ ከላይ የረገፈው አፈር ስንጥቁ ውስጥ ገብቶ ሲረጥብ መልሶ ስለሚያብጥ ውስጡ እየተገፋ ይገላበጣል። በመካከለኛው አዋሽ፣ በአሚባራ ሜዳ፣ ወንዙ በጎርፍ ያነጠፈው ሸክላ ይህንኑ ያደርጋል፤ መልኩ ግን በብዙ ቦታ ቡናማ ነው። ቀለሙን ብቻ አይቶ የሚያልፍ ሰው የመስኖውን ነገር ይስታል፦ ውሃው መጀመሪያ በስንጥቁ ፈጥኖ ይጠልቃል፣ አፈሩ ሲያብጥ ግን መንገዱ ይዘጋል። በዚያ ሐሩር፣ ማፋሰሻ በሌለበት፣ አብዝቶ ማጠጣት የከርሰ ምድር ውሃውን ወደ ላይ ያመጣዋል፤ ውሃው ሲተን ጨው ይቀራል። ጥጥ ይበቅልበት የነበረ መሬት በዚህ ሰበብ ተጥሏል።

ስለዚህ «ዋልካ» እንበለው። «ዋልካ የደጋ ቃል ነው፣ ውሃ ያቆረ መስክን ያስታውሳል» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት አለው፤ ነገር ግን ገበሬው ዋልካ የሚለው ሲረጥብ የሚጣበቀውን፣ ሲደርቅ የሚሰነጠቀውን መሬት ነው፤ ሁለቱም ጠባይ በአዋሽ ዳር አለ። «ደለል» የሚለውን ደግሞ ወንዙ አጠገብ ላለው፣ ለማይሰነጠቀው ልም አፈር እናቆየው።