የቦሱ ቺምፓንዚዎች

የቦሱ ቺምፓንዚዎች በምዕራብ አፍሪካ፣ በጊኒ ደቡብ ምሥራቅ ጫፍ በምትገኘው በቦሱ መንደር ዙሪያ ባሉ ትናንሽ ኮረብታዎች ላይ የሚኖሩ የዱር ቺምፓንዚዎች ናቸው። ከገበሬዎች ጋር እጅግ ተቀራርበው ከሚኖሩ የቺምፓንዚ መንጋዎች አንዱ ሲሆኑ፣ ጠንካራ ፍሬ በድንጋይ በመስበር ችሎታቸው ይታወቃሉ። የሚመደቡት በምዕራብ አፍሪካ ቺምፓንዚ ንዑስ ዝርያ ነው። ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2016 ይህን ንዑስ ዝርያ ለመጥፋት እጅግ ከተቃረቡት መካከል መድቦታል።

አካባቢውና ነዋሪው

የቦሱ ኮረብታዎች በደን የተሸፈኑ ሲሆኑ፣ ዙሪያቸውን የሩዝ፣ የካሳቫና የበቆሎ ማሳዎች እንዲሁም የሙዝ፣ የፓፓያ፣ የብርቱካንና የአናናስ ተክሎች ይገኛሉ። ቦታው የኒምባ ተራራ ባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ አካል ነው።

የአካባቢው ነዋሪዎች የማኖ ሕዝብ ናቸው። በባህላቸው ቺምፓንዚ ከቀደምት አባቶች መንፈስ ጋር የተቆራኘ በመሆኑ አይታደንም፣ ሥጋውም አይበላም። ግባን የተባለው ኮረብታም እንደ ቅዱስ ስፍራ ይከበራል። በዙሪያው ያለው ደን ለእርሻ ሲመነጠር እነዚህ ኮረብታዎች ሊተርፉ የቻሉት በአብዛኛው በዚህ እምነት ምክንያት ነው።

ምርምር

በ1960ዎቹ የኔዘርላንድሱ ተመራማሪ አድሪያን ኮርትላንት በቦሱ ጥናት አካሂዷል። እ.ኤ.አ. በ1976 ደግሞ የጃፓኑ ኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ ዩኪማሩ ሱጊያማ የረጅም ጊዜ ጥናት ጀመረ። ከ1988 አንስቶ ቴትሱሮ ማትሱዛዋ በደኑ ውስጥ ድንጋይና ፍሬ በማስቀመጥ ቺምፓንዚዎቹ በመሣሪያ ሲጠቀሙ በቅርብ የሚታዩበትን ስፍራ አዘጋጀ።

ቺምፓንዚዎቹ የዘይት ዘንባባን ፍሬ በአንድ ድንጋይ ላይ እንደ መስፍ ያስቀምጡና በሌላ ድንጋይ እንደ መዶሻ እየመቱ ይሰብሩታል። ግልገሎች ክህሎቱን የሚጨብጡት እናቶቻቸውንና ሌሎችን ለዓመታት በመመልከትና ራሳቸው በመሞከር ሲሆን፣ አብዛኛዎቹ የሚሳካላቸው ከ3 እስከ 5 ዓመት ባለው ዕድሜያቸው ነው።

ከሰው ጋር መኖር

የዱር ፍሬ በሚያንስበት ወቅት ቺምፓንዚዎቹ ወደ ማሳ ይወርዳሉ። በብዛት የሚደፍሩት ጎልማሳ ወንዶች ሲሆኑ፣ ከጓሮ የወሰዱትን ፓፓያ አንዳንድ ጊዜ ለእንስቶች ያካፍላሉ። መንደሩን የሚያቋርጠውን የመኪና መንገድ ሲሻገሩም ጎልማሳ ወንዶች ከፊትና ከኋላ ሆነው እናቶችንና ግልገሎችን መሐል ያደርጋሉ።

ነዋሪዎች ከራፊያ ዘንባባ ጠጅ ለመቅዳት ዛፉ ላይ ዕቃ ያንጠለጥላሉ። ቺምፓንዚዎቹም ቅጠል አኝከው ወይም አጣጥፈው እየነከሩ ይጠጡታል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት ከ1995 እስከ 2012 ድረስ 51 እንዲህ ያሉ አጋጣሚዎችን መዝግቧል። አንዳንድ ወንዶች ደግሞ ለሌሎች እንስሳት የተጠመደ የሽቦ ወጥመድን ሳይያዙ ሲያፈርሱ ታይተዋል።

ግጭት

ጉርብትናው ጉዳትም አለው። ሰብል የተበላበት ገበሬ ኪሳራውን የሚሸከመው ራሱ ነው። ከ1995 እስከ 2009 ባሉት ዓመታት በሰው ላይ 11 ጥቃቶች የተመዘገቡ ሲሆን፣ አብዛኞቹ የደረሱት በልጆች ላይ ነበር። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2024 አንድ ቺምፓንዚ ማሳ ላይ ከነበረች እናት ሕፃን ነጥቆ እንደገደለ ከተነገረ በኋላ፣ የተቆጡ ነዋሪዎች የምርምር ማዕከሉን ሰብረው በመግባት ንብረት አውድመዋል። ጥንታዊው ክብር ብቻውን ሕፃናትንም እንስሳቱንም ለመጠበቅ እንደማይበቃ ክስተቱ አሳይቷል።

የቁጥር መመናመን

በጥናቱ የመጀመሪያ አሥርት ዓመታት መንጋው 20 ገደማ አባላት ነበሩት። እ.ኤ.አ. በ2003 በተከሰተ የመተንፈሻ አካላት ወረርሽኝ አምስቱ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እየቀነሰ ሄዶ ከ10 በታች ወርዷል። በቺምፓንዚ ልማድ ወጣት እንስቶች ሲደርሱ ወደ ሌላ መንጋ ይሄዳሉ፤ በቦሱ ግን የሚሄዱት እንስቶች በሌላ ሳይተኩ ቀርተው መንጋው እያረጀ መጥቷል።

ለዚህ አንዱ ምክንያት በቦሱና ቺምፓንዚዎች በሚኖሩበት በኒምባ ተራራ መካከል ያለው 4 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆን የሳቫና ሜዳ ነው። ሁለቱን ደኖች ለማገናኘት እ.ኤ.አ. በ1997 "አረንጓዴ መተላለፊያ" የተባለ የዛፍ ተከላ ተጀመረ። ችግኞቹ ግን በደረቅ ወራት ለሚነሳ የሰደድ እሳት የተጋለጡ ስለሆኑ ሥራው አዝጋሚ ነው። መተላለፊያው ከተሳካ አዳዲስ እንስቶች ወደ ቦሱ ሊመጡ ይችላሉ፤ ካልሆነ ፍሬ የመስበር ልማዳቸው በቦሱ የሚወርሰው ትውልድ ሊያጣ ይችላል።