የትምህርት ቤት ኮምፒውተርና ኢንተርኔት አጠቃቀም ደንብ

የትምህርት ቤት ኮምፒውተርና ኢንተርኔት አጠቃቀም ደንብ፣ ተማሪዎች በትምህርት ቤት ኮምፒውተርና ኔትወርክ ምን እንደተፈቀደላቸውና ምን እንደተከለከሉ የሚወስን፣ ብዙ ጊዜም ተማሪና ወላጅ የሚፈርሙበት ሰነድ ነው። በአሜሪካ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣው የሕፃናት የኢንተርኔት ጥበቃ ሕግ፣ በኢ-ሬት መርሐ ግብር የኢንተርኔት ድጎማ የሚያገኙ ትምህርት ቤቶች የደኅንነት ደንብ እንዲያወጡና ጸያፍ ምስሎችን የሚያግድ ማጣሪያ እንዲገጥሙ ያስገድዳል። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣ ሌላ ሕግ ስለ ኢንተርኔት ሥነ ምግባርና ትንኮሳ ማስተማርን ጨመረ። ይህ ጭማሪ ከማጣሪያው ይበልጥ ይመዝናል፤ ማጣሪያው ተማሪው በግል ስልኩ ቤቱ ሆኖ የሚያየውን አያግድምና። በእንዲህ ያሉ ደንቦች መሠረት የይለፍ ቃል ለቅርብ ጓደኛም ቢሆን አይሰጥም፤ ጓደኛው ገብቶ ጥፋት ቢፈጽም በኮምፒውተሩ መዝገብ የሚታየው የአካውንቱ ባለቤት ስም ነው። የሌላውን ፋይል መክፈትና ያለፈቃድ ፕሮግራም መጫንም በአብዛኛው ክልክል ነው።