ከሂስ እስከ ግብረ መልስ

አንድ መምህር የትምህርት ዕቅዱን ለባልደረባው ይሰጥና «እስቲ እየውና ጉድለቱን ንገረኝ» ይለዋል። ባልደረባው ገለጥ ገለጥ ያደርግና «ቆንጆ ነው» ብሎ ይመልስለታል። አለቀ። ይሄን በይሉኝታችን ማላከክ ቀላል ነው። እኔ ግን ነገሩ የታሪክ ይመስለኛል።

ይሉኝታማ በቅኔ ቤቱ ዘመንም ነበር። ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ ለአስነጋሪው ይነግራል፤ አስነጋሪው ራሱ ተማሪ ነው፣ በትምህርት ቀደም ያለ። ቤት አልመታም፣ ሰምና ወርቁ አልተስማማም እየተባለ ቅኔው ይፈርሳል፣ እንደገና ይቆጠራል። የፈረሰው ግን ቅኔው ነው። ልጁማ አኩፋዳውን አንግቦ እንደ ወትሮው ቁራሹን ሊለምን ይወጣል። አስነጋሪውም የሰማውን ጎዶሎ ቅኔ የሚመዘግብበት ፋይል አልነበረውም።

ከ1966ቱ አብዮት ወዲህ «ሂስና ግለ ሂስ» በየመሥሪያ ቤቱ የውይይት ክበብ ገባ። ሥነ ጽሑፍ ለምናስተምር ሰዎች ሂስ ማለት ድርሰት የሚመረመርበት ነው፤ ቃሉን ተነጠቅን ማለት ይቻላል። የሚመረመረው ሰውየው ሆነ። በ1969 እና በ1970 ዓ.ም. «አድኃሪ» የተባለ ሰው ምን ይደርስበት እንደነበር ለማንም አይጠፋም።

በ1983 ዓ.ም. ኢሕአዴግ ሲገባ ደግሞ «ግምገማ» መጣ። ታጋዮች ከውጊያ በኋላ ምን እንደተሳሳቱ የሚነጋገሩበት ልማድ ነበር፤ ለዚያ ሳይጠቅም አልቀረም። ሲቪል መሥሪያ ቤት ሲደርስ ግን ሰው ከሥራው የሚነሣበት ሆነ። መምህራን ማረፊያ ክፍል ውስጥም ቃሉ ሲነሣ ወሬ ይቆም ነበር።

በ1990ዎቹ አጋማሽ የኮሌጅና የዩኒቨርሲቲ መምህራን የከፍተኛ ዲፕሎማ ሥልጠና ሲጀመር አንዱ የሌላውን ክፍል ገብቶ እንዲያይና አስተያየት እንዲሰጥ ተደረገ። ቃሉም «ፊድባክ» ተባለ፣ «ግብረ መልስ» ተባለ። ቃሉ አዲስ፣ የሚሰማው ጆሮ ግን ያው የድሮው!

እንግዲህ አስተያየት የተጻፈበት ወረቀት ወደ ርእሰ መምህሩ ፋይል የሚሄድ ከሆነ ስሙን መለወጥ አይረዳም። በዕቅዱ ባለቤት እጅ ይቅር። ጠያቂውም «እንዴት ነው?» ብሎ ባይጠይቅ ደግ ነው፤ «ቆንጆ ነው»ን የሚጠራው ይሄ ነው። «ይህ የቡድን ሥራ 70 ተማሪ ባለበት ክፍል በ40 ደቂቃ ያልቅልኛል?» ቢል፣ ባልደረባው እስክሪብቶውን ያነሣና «ለመሆኑ ሰባውን በስንት ቡድን ልትከፍላቸው ነው?» ይለዋል።