የኦክስጂን ዳሳሽና የሐሰት ንባቡ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በወልቂጤ አድርጎ የጊቤን በረሃ ወርዶ፣ ሰኮሩንና አሰንዳቦን አልፎ ጅማ የሚገባው፣ ከዚያም ወደ አጋሮ ወይም ወደ ሊሙ ገነት የሚዘልቀው የቤንዚን መኪና፣ ነዳጁን በኮምፒውተር የሚመጥን ዓይነት ከሆነ፣ በጭስ መውጫ ቱቦው ላይ የአውራ ጣት ያህል የምትሆን አንዲት መሣሪያ ተሰክታበት ትጓዛለች፤ የጋራዥ ሰዎች «ኦክስጅን ሴንሰር» የሚሏት፣ ባለመኪናው ግን ስሟን የሚሰማው የቼክ ኢንጂን መብራት በርቶ «ትቀየር» የተባለ ዕለት ብቻ የሆነችው መሣሪያ ይህች ናት።

በአማርኛ «የኦክስጂን ዳሳሽ» እንላታለን። ሊቃውንት ከአምስቱ ሕዋሳት አንዱ አድርገው የሚቆጥሩት መዳሰስ ከማየትና ከመስማት የሚለየው፣ ዓይንና ጆሮ የሩቁን ሲያመጡ እጅ ግን የነካውን ብቻ የሚያውቅ በመሆኑ ነውና፣ ስሙ የመሣሪያዋን ባሕርይ በትክክል ይገልጻል፤ እርሷም በሞተሩ ውስጥ የሆነውን ሁሉ አታይም፣ ወደ አፏ የደረሰውን ጭስ ብቻ ትዳስሳለች። ቤንዚንን ትለካለች ብሎ የሚያምን ሰው ግን የምትሰጠውን ቃል ሁሉ አጣሞ መተርጎሙ አይቀርም።

አንድ ኪሎ ቤንዚን ፈጽሞ ለመቃጠል 14.7 ኪሎ ያህል አየር ይሻል። በዳሳሿ ውስጥ ያለው ዚርኮኒያ የሚባለው ሸክላ መሰል ማዕድን ከ300 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሲግል፣ በአንድ ገጹ የውጭ አየር በሌላው ገጹ ጭስ እየነካው፣ በሁለቱ መካከል ባለው የኦክስጂን ልዩነት መጠን ኤሌክትሪክ ያመነጫል፤ ቤንዚን በዝቶ ጭሱ ኦክስጂን ሲያጣ 0.9 ቮልት ያህል፣ ቤንዚን ሳስቶ ኦክስጂን ሲተርፍ 0.1 ቮልት ያህል ይሰጣል፤ ድንበሩ 0.45 ነው። ሞተሩ ከሞቀ በኋላ የጤነኛዋ ንባብ በእነዚህ መካከል ያለ ዕረፍት ሲመላለስ ይታያል። የነገሩን ሕግ የደነገገው ቫልተር ኔርንስት የተባለው ጀርመናዊ የኬሚስትሪ ሊቅ ሲሆን፣ በመኪና ላይ ለሥራ ያዋለው ደግሞ የቦሽ ኩባንያ ነው፤ ይህም የሆነው በ1976 እ.ኤ.አ. ነው።

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. የቤንዚንና የናፍጣ የቤት አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ በእጅ ያለው መኪና እየተጠገነና እየተለወጠ መኖሩ ግድ ነውና፣ የሐሰት ንባብ ነገር ይበልጥ ሊያሳስበን ይገባል። በጥገናው ጊዜ ካታሊቲክ ኮንቨርተር የሚባለው ጭስ አጣሪ ሲደፈን ተቆርጦ ይወጣል፣ በምትኩ ቀጥ ያለ ቱቦና ሌላ ማርሚታ ይበየዳል፤ ይህ ብየዳ ከዳሳሿ በፊት በኩል ቢሰነጠቅ፣ ወይም በቴስታታው ዘንድ ያለው ጓርኒሲዮን ቢከፈት፣ ጭስ የሚወጣው በምት በምት እንጂ በአንድ ወጥ ፍሰት ስላልሆነ፣ በሁለት ምቶች መካከል ግፊቱ ዝቅ ባለ ቁጥር የውጭ አየር ወደ ቱቦው ይሳባል። ዳሳሿ ይህን አየር ትነካና «ኦክስጂን ተርፏል» ትላለች፤ ኮምፒውተሩም ቃሏን አምኖ ቤንዚን ይጨምራል፤ ካንዴላዎቹ ጥቀርሻ ይለብሳሉ፣ ነዳጁ ያልቃል፣ የምርመራው መሣሪያ ግን «ቤንዚን ሳስቷል» የሚለውን ፒ 0171 የተባለውን ምልክት ይጽፋል። አዲስ ዳሳሽ ተገዝታ ብትገባም ያንኑ ትደግማለች፤ የነካችው ያንኑ አየር ነውና። እንዲሁም ካንዴላው ያልለኮሰው ሲሊንደር ቤንዚኑንም አየሩንም ሳይቃጠል ስለሚለቅ፣ እርሷ ከሁለቱ ኦክስጂኑን ብቻ ቆጥራ ጥጋቡን ረሃብ ትለዋለች።

ስለዚህ የካንዴላው መጥቆርና የኮምፒውተሩ «ሳስቷል» ማለት በአንድነት ሲገኙ ከዳሳሿ አስቀድሞ ቱቦው ይመርመር። ሞተሩ በቀዘቀዘ ጊዜ አስነሥቶ የማርሚታውን አፍ በወፍራም ጨርቅ ለጥቂት ጊዜ ያዝ ቢያደርጉት ቀዳዳው በፉጨቱ ይታወቃል፤ የሳሙና ውሃ በመጋጠሚያው ላይ ቢያፈሱበትም አረፋው ቦታውን ይጠቁማል። ቱቦው ደኅና ከሆነ የዳሳሿ ተራ ነው፤ ሞተሩ ሞቆ እየሠራ ሳለ ከአየር ማስገቢያው አንዱን ቀጭን ጎማ ቢነቅሉ ንባቧ ወዲያው ከ0.2 በታች መውረድ፣ ጎማው ተመልሶ ነዳጅ መስጫው በድንገት ሲረገጥ ደግሞ ከ0.8 በላይ መውጣት አለበት። ይህን ያደረገች ዳሳሽ በሕይወት አለች፤ የዘገየች ወይም ከአንድ ቦታ ያልተነቃነቀች ግን መቀየር ይገባታል። ዕቃ እየለዋወጡ መሞከርን ምርመራ ብሎ ማስከፈል፣ እንደ እኔ አስተያየት፣ በሙያው ስም የሚደረግ ግፍ ነው።

በዚህ አገር አንዳንዱ ሰው ጥፋቱን በደጋው ላይ ያላክካል። የጊቤ ድልድይ ከባሕር ወለል በላይ 1,100 ሜትር አካባቢ፣ ጅማ ደግሞ ከ1,700 ሜትር በላይ መሆናቸው እውነት ነው፤ ነገር ግን ዳሳሿ የምታወዳድረው የዚያኑ ስፍራ አየር ከጭሱ ጋር ስለሆነ የከፍታው ተጽዕኖ በንባቧ ላይ እጅግ ጥቂት ነው። በእኔ ግምት ከደጋው ይልቅ የሚያሰጋት የክረምቱ ጭቃ ነው፤ በብዙዎቹ ዳሳሾች ማነጻጸሪያው አየር የሚገባው በሽቦዎቹ ልባስ ውስጥ ስለሆነ፣ ሶኬቱ በጭቃ ሲደፈን ወይም ለጥንቃቄ ተብሎ በቅባት ሲሞላ ትታፈናለች፤ ግላ ሳለች ወንዝ ውስጥ ብትገባም ሸክላዋ ይሰነጠቃል። ለጓርኒሲዮን የሚቀባው ተራ ሲሊኮንም፣ ትነቱ ወደ ሞተሩ ከደረሰ፣ ገጿን በነጭ ልባስ ሸፍኖ ያደነዝዛታል።

ሞተር በሌላ ሞተር በተተካበት መኪና ግን ከሁሉ የከፋው ስሕተት የሁለት መንትያ ዳሳሾች መምታታት ነው። ቶዮታ በብዙ ሞተሮቹ ላይ ከፊት የሚሰካው ተራውን ዳሳሽ ሳይሆን የአየርና የነዳጅ ምጣኔ ዳሳሽ የሚባለውን ነው፤ ጥርሱም መልኩም ከተራው ጋር አንድ ይሁን እንጂ ለሥራው 650 ዲግሪ ያህል ሙቀት የሚሻ፣ በትክክለኛው ድብልቅ ላይ 3.3 ቮልት ገደማ የሚያሳይ፣ ቤንዚን ሲሳሳ ቁጥሩ የሚወጣ፣ ሲበዛ የሚወርድ፣ ማለትም የተራው ተቃራኒ ነው። አንዱ በሌላው ቦታ ከገባ ኮምፒውተሩ ከቶ አይግባባም። ተራ የምርመራ መሣሪያ ደግሞ በአንዳንዶቹ መኪኖች ላይ ይህን ቁጥር ለአምስት ከፍሎ 0.66 አድርጎ ያሳያል፤ ንባቡም እንደ ተራው ስለማይመላለስ፣ ደኅናውን ዳሳሽ «ሞቷል» አሰኝቶ ያስጥላል፤ እንግዲህ ሞተር የቀየረ ሰው አዲስ ዳሳሽ ከመግዛቱ በፊት ኮምፒውተሩ ለየትኛው ዓይነት እንደ ተሠራ በላዩ ከተጻፈው የዕቃ ቁጥር ያረጋግጥ።